ቤት ውስጥ ጠላ ሲጠምቁ ወይም ጠጅ ሲጥሉ ከጋዝ ይጠንቀቁ

የበዓሉን ጠላ ወይም ጠጅ ካንቲና ውስጥ ሊያስቀምጡ ነው? ጥንስሱ ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የሮም ካንቲናዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከመሬት በታች ናቸው። 1 ኪሎ ማር ተብላልቶ እስኪያልቅ 200 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ገንቦ መስኮቱ በተከፈተ ወጥ ቤት ብዙ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው በርሜሉና የተዘጋው ክፍል ነው።

በርሜሉን ከሚተኙበት ክፍል ያርቁ። ክዳኑን ጥርቅም አድርገው አይዝጉ፤ ሊፈነዳ ይችላል። በሻማ መፈተሽ አያስተማምንም፤ ሻማው እየበራም ሰው ሊወድቅ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይህን ጋዝ አይለይም።

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያው ይውጡ። ውስጥ የወደቀ ሰው ካዩ፣ ወንድምዎም ቢሆን፣ ተከትለው አይግቡ። በሩን ከፍተው ከውጭ ሆነው 112 ይደውሉ፤ «አኒድሪዴ ካርቦኒካ» ይበሏቸው።