የኋላ ጎማ ወይስ አራቱም ጎማ?

የሞተር ጉልበት በጨመረ ቁጥር መኪናው በዚያው ልክ ይፈጥናል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ነገሩ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ቢ.ኤም.ደብልዩ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤም 5 የተሰኘውን ፈጣን የቤት አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ ሲያሳይ ሞተሩ 286 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2011 የቀረበው ኤም 5 በ560 የፈረስ ጉልበት ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 4.4 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ2017 የተተካው ደግሞ 600 የፈረስ ጉልበት ይዞ በ3.4 ሰከንድ ይደርሳል። የ7 በመቶ የጉልበት ጭማሪ ብቻውን አንድ ሙሉ ሰከንድ ሊቀንስ አይችልም። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ከ30 ዓመታት በላይ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሲነዳ የኖረው ኤም 5 ለመጀመሪያ ጊዜ በአራቱም ጎማ መነዳት ጀመረ።

ለመሆኑ ይህ ለምን ለውጥ ያመጣል? መኪናን በመጨረሻ ወደ ፊት የሚገፋው መንገዱ ነው። ጎማው አስፋልቱን ወደ ኋላ ሲገፋ አስፋልቱ በሰበቃ አማካይነት ጎማውን መልሶ ወደ ፊት ይገፋዋል። የሰበቃው ጣሪያ የሚወሰነው በጎማውና በመንገዱ ባሕርይ እንዲሁም በጎማው ላይ ባረፈው ክብደት ነው። ሞተሩ ከዚህ ጣሪያ በላይ ቢሰጥ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ትርፉ ጭስና የጎማ ሽታ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። 1,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሲቆም ግማሽ ክብደቱ በኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚያርፍ አውቶሞቢል እንውሰድ። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀትም 3 ሜትር ይሁን። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው ጣሪያ ጎማው ከተሸከመው ክብደት ጋር እኩል ነው እንበል። መኪናው ሲፈተለክ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚዛወር የኋላ ጎማዎቹ ድርሻ ወደ 61 በመቶ ያድጋል። በዚህም ፍጥነቱ በየሰከንዱ ቢበዛ በ6 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስም 4.6 ሰከንድ ይወስድበታል። አራቱም ጎማዎች ቢገፉ ግን ጭማሪው 9.8፣ ጊዜውም 2.8 ሰከንድ ይሆናል፤ ይህ እንግዲህ ሞተሩ ጉልበት ካላነሰው ነው።

ጉልበት የማያንሰውስ እስከ የት ድረስ ነው? በማስተላለፊያው የሚባክነውን ብንተው፣ በዚሁ መኪና ላይ 286 የፈረስ ጉልበት የኋላ ጎማዎቹን ከሰበቃ ጣሪያቸው ላይ ሊያቆይ የሚችለው በሰዓት እስከ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 600 ከሆነ እስከ 139 ኪሎ ሜትር ድረስ ጎማዎቹን ማሸነፍ ይችላል። መሐንዲሶቹን እጅ ያሰጣቸው ይህ ይመስለናል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው ላዳም በኋላ ጎማ የምትነዳ ናት፤ ነገር ግን ሞተሯ ትንሽ ስለሆነ በደረቅ መንገድ ችግሩ ብዙም አይታይባትም።

መንገዱ ሲርስ ልዩነቱ ይሰፋል። ሰበቃው በግማሽ ቢቀንስ ወደ ኋላ የሚዛወረው ክብደትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና በሁለት በኩል ይጎዳል። ጭማሪው ወደ 2.7 ሲወርድ የባለ አራቱ 4.9 ይሆናል።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ከዚህ የሚከተለውን ነው። ሁለቱ መኪናዎች በእርጥብ መንገድ ለ5 ሰከንድ በሙሉ አቅማቸው ቢፈተለኩ አንደኛው በሰዓት 49፣ ሌላው 88 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። አሁን ሕፃን ልጅ መንገድ ገባ እንበል። ፍሬን በማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ላይ ስለሚሠራ፣ ባለ አራቱ በማቆም ረገድ ምንም ብልጫ የለውም። የመጀመሪያው ፍሬን ከያዘ በኋላ በ19 ሜትር ሲቆም ሁለተኛው 61 ሜትር ይፈልጋል። ጎማው ስላልተንሸራተተ አሽከርካሪው መንገዱ ደህና ነው ብሎ ያምናል፤ መንገዱ ግን ያው እርጥብ መንገድ ነው።

በኩርባ ላይ የኋላ ጎማ ወዳጆች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ እኛም ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ጎማ ለመግፋትም ሆነ ለመታጠፍ የሚቀዳው ከአንድ ቋት ነው። የፊት ጎማዎች ከመግፋት ነፃ ሲሆኑ ሰበቃቸውን ለመሪው ያውላሉ። በ2021 የቀረበው የአሜሪካው ካዲላክ ሲቲ 5 ቪ ብላክዊንግ በ668 የፈረስ ጉልበትም ቢሆን በኋላ ጎማ መነዳትን የመረጠ ነው፤ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮም ይገኝለታል።

በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ቴስላ በ2014 ሞዴል ኤስን በፊትም በኋላም ሞተር አድርጎ ሲያቀርብ ሁለቱን የሚያገናኝ ዘንግ አላስፈለገውም፤ ለእያንዳንዱ ምን ያህል ይድረስ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። የፊት ሞተር ሌላም ጥቅም አለው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚዛወር፣ ወደ ባትሪ ሊመለስ የሚችለው ጉልበት በብዛት የሚገኘው ከፊት ጎማዎች ነው። ስለዚህ የወደፊቱ ፈጣን አውቶሞቢል በአብዛኛው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ይሆናል ብለን እንገምታለን።

በ2024 የወጣው ኤም 5 ከቤንዚን ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ 727 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱም ከ2.4 ቶን በላይ ሆኗል። እርሱም እንደ 2017ቱ ሁሉ ለፈለገ አሽከርካሪ በኋላ ጎማ ብቻ መነዳት ይችላል። ለዚህ ግን አሽከርካሪው አስቀድሞ መንሸራተትን የሚከላከለውን ሥርዓት በገዛ እጁ ማጥፋት አለበት።