የአሮጌ የጭነት መኪና የፊት እግር፦ ልቅነትን መለየትና ያረጁ ክፍሎችን መለወጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት አጭር የብረት ዘንግ ነው። ጋራዥ ውስጥ ፔርኖ ትባላለች። ባሌስትራና አንድ ወጥ አክስል ባለው የጭነት መኪና ላይ የፊት ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው በእርሷ ዙሪያ ነው። ከላይና ከታች ሁለት የነሐስ ቦኮላዎች ያቅፏታል፤ የጭነቱን ክብደት ደግሞ ከአክስሉ ሥር የተቀመጠ ኩሽኔታ ይሸከማል።

በምሳሌነት የምትይዙልኝ ሁላችሁም የምታውቁትን ኤንትሬን ይሁን፤ በወረቀት ስሙ ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የ682 ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የእኛ ሾፌሮች «ኤን ትሬ» የሚለውን የጣሊያንኛ አጠራር እንዳለ ወስደው የመኪናው ስም አደረጉት። ባሌስትራ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ የሚሉትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። መማሪያ መጽሐፋችሁ በእንግሊዝኛ፣ ጋራዡ በጣሊያንኛ፣ ፈተናው ደግሞ መንገድ ላይ ነው። (ሳቅ)

ፔርኖ ለምን ያረጃል? የሞተር ዘንግ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ዘይቱን በራሱ እየጎተተ በሁለቱ ብረቶች መካከል ስስ ንጣፍ ይፈጥራል። ፔርኖ ግን ሙሉ ዙር አይዞርም፤ በጥቂት ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፣ ያውም በዝግታና በከባድ ጭነት ሥር። በዚህ ሁኔታ ሙሉ የቅባት ንጣፍ አይፈጠርም፤ ብረትና ነሐስ በየጊዜው ይነካካሉ። ላስቲኩ ሲያረጅ አቧራና ውኃ ይገባል፤ አቧራ የተቀላቀለበት ግራሶ ደግሞ ከቅባትነት ይልቅ ለሞረድነት ይቀርባል።

ልቅነቱ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው። እስቲ እናስላው። በሁለቱ ቦኮላዎች መካከል ያለው ርቀት 200 ሚሊ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ቦኮላ ውስጥ ያለው ልቅነት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ፔርኖው ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ ታች በተቃራኒው ሲያጋድል ጠቅላላ ማዘንበሉ አንድ ሚሊ ሜትር በ200 ይሆናል። የጎማው አናት ከመካከሉ 500 ሚሊ ሜትር ቢርቅ እዚያ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ እናገኛለን። በእጅ ሲነቀነቅ የሚሰማው «ቋ ቋ» ይህ ነው።

አደጋው የሚመጣው ይህ ልቅነት ከአክስሉ ጠባይ ጋር ሲገናኝ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አንድ ወጥ አክስል በሙሉ ያዘነብላል። የሚሽከረከር ጎማ ሲዘነብል ደግሞ በጋይሮስኮፕ ሕግ ወደ ጎን መዞር ይፈልጋል፤ ሲዞር አክስሉን መልሶ ያናውጣል። ሁሉ ነገር ጥብቅ ከሆነ መናወጡ ወዲያው ይሞታል። ልቅ ከሆነ ግን ራሱን እየመገበ ያድግና መሪው ከሾፌሩ እጅ ያመልጣል። በ1930ዎቹ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ በዚህ ችግር ላይ ብዙ ደክሟል፤ የቤት መኪኖች ወደ ነጻ የፊት እግር እንዲሸጋገሩ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። የጭነት መኪና ግን በአብዛኛው ከአክስሉ ጋር ቀረ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት የሚወርድ ባለጭነት መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት እግር ይሸሻል። ያንን ክብደት የሚቀበሉት እነዚሁ ቦኮላዎች ናቸው።

ልቅነቱ ከየት እንደመጣ ሳይለዩ መፍታት ገንዘብ ማባከን ነው። አክስሉን በክሪክ አንሡ፣ ድጋፍም አስገቡ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር የሚገባ ተማሪ የለኝም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተነቃነቀ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ማዕከሉን ከፉዞው ጋር ስለሚያስር የጎማ ኩሽኔታው ልቅነት ይሰወራል፤ አሁንም ከተነቃነቀ ጥፋቱ የፔርኖው ነው። ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ደግሞ የመሪ ዘንግ ጫፎችን ያጋልጣል።

ወደ ለውጡ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ፔርኖውን ከአክስሉ ጋር የሚቆልፈው ሽብልቅ ነው። ብዙ መዶሻ የሚባክነው ይህ ሽብልቅ ስለሚረሳ ነው። አልወጣ ሲል እሳት የሚለኩሱ አሉ። አንድ ጋራዥ ውስጥ አክስል ቀይ እስኪሆን በጋዝ ሲሞቅ አይቻለሁ፤ ፔርኖው ወጣ፣ አክስሉ ግን በሙቀት ሕክምና ያገኘውን ጥንካሬ እዚያው አጣ። ትክክለኛው መንገድ ዘልቆ የሚገባ ዘይት፣ ትዕግሥትና ፕሬስ ነው።

አዲሶቹ ቦኮላዎች ከገቡ በኋላ የግራሶ ቀዳዳቸው ከፉዞው ቀዳዳ ጋር መግጠሙ ይረጋገጥ። ከዚያ በሪመር ይስፋፋሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መስመር። ለየብቻ ከተሠሩ እያንዳንዱ ልኩን ቢጠብቅም ማዕከላቸው አይገናኝም፤ መሪው ይከብዳል፣ አዲሱም ቦኮላ በጠርዙ ብቻ ይበላል። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ልቅነት በስስ ሮንዴላ ይሞላል።

እዚህ ላይ የምከራከርበት ጉዳይ አለ። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ነውር ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ከጥሩ ነሐስ የተቀረጸና በመስመር የተስተካከለ ቦኮላ በቂ ነው፤ ቦኮላ እንዲያልቅ የተፈጠረ ክፍል ነውና። ፔርኖው ግን ሌላ ነው። ላዩ በሙቀት ሕክምና የጠነከረ፣ ውስጡ ስብራትን የሚቋቋም ነው። ከተራ ብረት ተቀርጾ ያለ ሙቀት ሕክምና የገባ ፔርኖ መልኩ ቢመስልም ዕድሜው አጭር ነው። ያለቀ የመሪ ዘንግ ጫፍን በብየዳ ማጥበቅማ ፈጽሞ አይደረግ።

ባሌስትራው ከተፈታ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ያለች ሽብልቅ መሰል ቁራጭ በየት በኩል ወፍራም እንደሆነች ምልክት አድርጉ። ተገልብጣ ከገባች የፔርኖው ወደ ኋላ ማዘንበል ይዛባል፤ ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖ ሳለ መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም ደግመው ይጥበቁ።

ጥያቄ ከተማሪ፦ ፔርኖውን ብቻ ለውጦ ቦኮላውን መተው ይቻላል?

መልስ፦ ያረጀ ቦኮላ ክብነቱን ያጣና ሞላላ ይሆናል። አዲስ ፔርኖ እዚያ ውስጥ ሲገባ በጠባብ መስመር ላይ ብቻ ያርፋል፣ ልቅነቱም በአብዛኛው አይወገድም። የአንድ ቦኮላን ዋጋ ለማትረፍ ያንኑ የጉልበት ሥራ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።