የምርምር ገንዘብና የጥቅም ግጭት

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ ንግድ የታወቀች ከተማ ናት። በመከር ወራት ከመተማ በኩል ድንበር እየተሻገሩ በእርሻዎቿ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ገበያ ሰሊጡን የሚመዝነው ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ከገዢው ቢሆን፣ ሻጩ ሚዛኑን መጠራጠሩ አይቀርም። መዛኙ የግድ ያጭበረብራል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ክብደቱ ተቀንሶ ቢነበብ የሚጠቀመው ከፋዩ ነው። ይህን የመሰለው ሁኔታ የጥቅም ግጭት ይባላል። ሳይንሳዊ ምርምርም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለም።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ የትምባሆ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ሲጋራ ፋብሪካዎች ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ባወጡት መግለጫ፣ ሲጋራ ካንሰር ለማምጣቱ ማረጋገጫ እንደሌለ ገልጸው፣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ በራሳቸው ገንዘብ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ሕዝቡን ለረጅም ዘመን ማታለላቸውን በውሳኔው አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ተመራማሪዎች የሌላ ሰው ሲጋራ ጢስ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተጻፉ 106 የግምገማ ጽሑፎችን መረመሩ። ከእነዚህ 39ኙ «ጉዳት የለውም» የሚሉ ነበሩ። ከ39ኙም 29ኙን የጻፉት ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ።

ነገሩ ከገዳሪፍም ሆነ ከመተማ የራቀ አይደለም። ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የሱዳኑን የሃጋር ሲጋራ ፋብሪካ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን፣ ጥቂት ቆይቶም ተጨማሪ ድርሻ ገዛ። በዚህም አንድ ኩባንያ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሲጋራ ጥቅም ያለው ሆነ። በሌላ በኩል በሱዳን ቱምባክ የሚባል፣ በዳርፉር ከሚበቅል ትምባሆ የሚዘጋጅ ሱረት በሰፊው የተለመደ ነው። በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶችም ቱምባክ ለአፍ ካንሰር እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። ይሁንና አንድ የሲጋራ ኩባንያ የቱምባክን ጉዳት በገንዘቡ ቢያስጠና፣ ሱረት ተጠቃሚው ወደ ሲጋራ ሲዞር የሚያተርፈው ያው ኩባንያ ነው። የጥቅም ግጭት በእውነተኛ ቃል ውስጥ እንኳ ሊሸሸግ ይችላል።

ኢትዮጵያና ሱዳን የተቀበሉት የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት፣ በ5ኛው አንቀጽ፣ መንግሥታት የጤና መመሪያዎቻቸውን ከትምባሆ ንግድ ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። ተመራማሪም የገንዘቡን ምንጭ በግልጽ መናገር ይኖርበታል። አስተዋይ አንባቢ በበኩሉ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል፤ ይኸውም፦ ገንዘቡን የሰጠው ማን ነው? በውጤቱ የሚጠቀመውስ ማን ነው? ውጤቱ ባያስደስተው ኖሮ፣ ከፋዩ ጥናቱን ለመደበቅ ይችል ነበርን?