እሳት ከመያያዙ በፊት

ደመራ ሲለኮስ ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሳበታል። መስከረም 16 ክረምቱ ገና የወጣበት፣ መሬቱ ከጭቃ ያልተላቀቀበት፣ አየሩም እርጥበት ያልለቀቀው ጊዜ ነው። እንዲያም ሆኖ ችቦው እሳት ገና ከመንካቱ ቦግ ይላል፤ መሐል የቆመው ወፍራም ምሰሶ ግን ችቦው አመድ ከሆነ በኋላም ቆሞ ይቆያል። ሁለቱም እንጨት ናቸው። «ችቦው ደረቅ ስለሆነ ነው» ማለት እውነት ነው፤ ግን ደረቅነት ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ብዙ ሰው ደረቅ ነገር ከእርጥቡ የበለጠ እሳት በውስጡ የያዘ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ የምለው ሌላ ነው፦ ደረቅ ነገር ቶሎ የሚያያዘው ያቺን የመጀመሪያዋን ትንሽ ሙቀት የሚሻማት ስለሌለ ነው። በዚህ ላይ ቅጥነት ሲጨመርበት የእሳት አደጋው ይከፋል።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የሚነደው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ነበልባል ሆኖ የምናየው እንጨቱ ራሱ አይደለም። እንጨት ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ መፈራረስ ይጀምራል፤ ሲፈራርስ ጋዝ ያወጣል፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ የሚነደው ያ ጋዝ ነው። ጋዙ ወጥቶ ያለቀለት ከሰል ያለ ብዙ ነበልባል ፍም ሆኖ የሚግለውም ለዚህ ነው። ጧፍ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጧፉን እፍ ብለው ሲያጠፉት ከክሩ ጫፍ ነጭ የጭስ መስመር ይወጣል። ወዲያው የተለኮሰ ክብሪት ወደዚያ ጭስ ቢያስጠጉ፣ ክሩ ሳይነካ እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ጧፉን መልሶ ያበራዋል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ለወጣቶች ስለ ሻማ በጀመረው ተከታታይ ትምህርት፣ ከሻማው ሰም የሚወጣውን ተን በመስታወት ቱቦ ከነበልባሉ ውስጥ ስቦ በቱቦው ሌላኛው ጫፍ ላይ ለኩሶ አሳይቷል።

እንግዲህ የመለኮስ ሥራ ጋዙ እስኪወጣ ድረስ ማሞቅ ነው፤ ውሃ የሚከላከለውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የደረቀ ፍልጥ ውስጥ ግን የሚቀረው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ያ የእንጨት ክፍል ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍም፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ወደ 92 ዲግሪ ነው። ጋዝ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ ግራም ውሃ ከተራ ሙቀቱ ተነስቶ እንፋሎት እስኪሆን ወደ 2.6 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። አብዛኛው ሙቀቷ ወደ አየር የሚበተነው አንዲት ክብሪት ይህን ያህል ለእንጨቱ አትሰጥም። እርጥብ እንጨት እየጨሰ ዓይን የሚያቃጥለውም ጋዙ ከእንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ፣ ሳይነድ፣ ቀዝቅዞ ስለሚወጣ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። አንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት ግማሹ ውሃ ቢሆን፣ ያንን ውሃ ለማትነን 1.3 ሜጋ ጁል ይበቃል፤ የቀረው ግማሽ ኪሎ እንጨት ሲነድ ግን ወደ 9 ሜጋ ጁል ይሰጣል። ታዲያ ገቢው ከወጪው ሰባት እጥፍ ከሆነ እርጥቡ ለምን እምቢ ይላል? መልሱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ውሃው የሚወስደው ሙቀት እንጨቱ አንዳች ሳይሰጥ አስቀድሞ መገኘት አለበት፤ ክብሪቷ ደግሞ ያን አትችልም። ትልቅ እሳት ግን ይችላል። «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይቃጠላል» የሚባለው በፍርድ ረገድ ብቻ ሳይሆን በምድጃም ውስጥ እውነት ነው፤ ደረቁ ሲነድ የእርጥቡን ውሃ ያተንለታል፣ ከዚያ ወዲያ ልዩነታቸው እየጠበበ ይሄዳል።

ደረቅነት ብቻውን ግን አይበቃም። ለዓመታት የደረቀ ግንድ ላይ ክብሪት ቢያስጠጉ ቆዳው ጠቁሮ ይቀራል፤ የተሰጠው ሙቀት ወደ ውስጥ እየሰረገ ይበተናልና። ጭራሮ ውስጥ ሙቀቱ የሚሸሸግበት ቦታ የለም። በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር የሆነች እንጨት ለአየር የተጋለጠ ገጽዋ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። እሷኑ 1 ሚሊ ሜትር አድርገው ቢከታትፏት 1,000 ቁራጭ ይወጣታል፤ ገጽዋም 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንጨቱ ያው ነው፤ እሳት የሚያገኘው በር ግን አሥር እጥፍ ሰፋ። ሰጋቱራም እንደ አያያዙ ነው። ምድጃ ውስጥ በደንብ ተጠቅጥቆ ሲሞላ አየር ስለማያገኝ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይነዳል፤ አየር ላይ ተበትኖ እሳት ካገኘው ግን ቦግ ይላል። ዱቄትም ይህ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የነበረው ግዙፉ ዋሽበርን የዱቄት ፋብሪካ አየር ላይ በተንሳፈፈ ብናኝ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። በጆንያ የታጨቀ ዱቄት በክብሪት ማቀጣጠል ግን አስቸጋሪ ነው።

«ቤንዚንስ? እርጥብ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። የሚከላከለው ግን ውሃ ነው እንጂ እርጥበት ሁሉ አይደለም። ቤንዚን በብርድም ቢሆን የሚነድ ተን ስለሚያወጣ ለመለኮስ ማሞቅ አያስፈልገውም። የባሕር ዛፍ ለምለም ቅጠል እየተንጣጣ የሚነደውም በውስጡ ባለው ዘይት ነው። አሸዋና ድንጋይ ደግሞ የቱንም ያህል ቢደርቁ አይነዱም፤ አሸዋ አስቀድሞ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ነገር ነውና።

ከዚህ ሁሉ ለኑሮ የሚጠቅመው ነገር ቅጥነት ሁለት ጊዜ መሥራቱ ነው፤ ቀጭኑ ነገር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። የአሜሪካ የደን ቃጠሎ ባለሙያዎች የወደቀ እንጨትንና ሣርን በውፍረቱ ይመድቡታል። ከ6 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን «የ1 ሰዓት ማገዶ» ይሉታል፤ የአየሩ ድርቀት ሲለወጥ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ አብሮ ይለወጣል። ከ7.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው ግን «የ1,000 ሰዓት» ነው፤ ይህም ከ40 ቀን በላይ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ እሳቱ የተዛመተው ቀጭን በሆነው በጓሳ ሣርና በአስታ ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ስለዚህ «ትናንት ዘንቧል፣ አያሰጋም» የሚለው አነጋገር ለግንድ ይሠራ ይሆናል፤ ለሣር ክዳን፣ ለገለባ ክምርና በሱቅ ደጃፍ ለተከመረ ባዶ ካርቶን ግን አይሠራም። ጠዋት ጤዛ የያዘው ሣር ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ከሰዓት በኋላ ለአንዲት የሲጋራ ቁራጭ ዝግጁ ነው።