የበይነ መረብ የከፍተኛ ትምህርት በአማን፦ ከመመዝገብ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

ለሥራ ወደ ዮርዳኖስ ሲመጡ ትምህርታቸውን ላቋረጡ አማርኛ ተናጋሪ የአማን ነዋሪዎች፣ የበይነ መረብ ትምህርት የተዘጋ መስሎ የነበረን በር ዳግም ሊከፍት ይችላል። ሆኖም በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁሉ አንድ አይደሉም። በስልክ የሚከታተሉት ነጻ ኮርስ፣ የዩኒቨርሲቲ ቅይጥ ፕሮግራም እና ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ የሚሰጥ ዲግሪ በአሠራራቸውም ሆነ በመጨረሻ በሚያስገኙት ማስረጃ ይለያያሉ። ይህን ልዩነት ሳይረዱ መመዝገብ በብዙ ድካም የተጠራቀመን ገንዘብና ጊዜ ሊያሳጣ ይችላል።

በዮርዳኖስ ትምህርትን በከፊል ከክፍል ውጭ መስጠት በወረርሽኙ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በኩዌት የሚገኘው የዐረብ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በአማን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ተቋሙ ተማሪው በግሉ የሚያጠናውን ትምህርት በተወሰነ የገጽ ለገጽ ክፍለ ጊዜ ይደግፋል። አሠራሩ በኢትዮጵያ በሞጁልና በቱቶሪያል ከሚታወቀው የርቀት ትምህርት ጋር ይቀራረባል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ግን የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በአንድ ጊዜ ዘጋ። መምህራን ለአዳራሽ ያዘጋጁትን ገለጻ በቪዲዮ ጥሪ ወደ ተማሪዎች ቤት ለማስተላለፍ ተገደዱ። ርምጃው ትምህርት እንዳይቋረጥ ቢረዳም፣ ታስቦበት ከተቀረጸ የበይነ መረብ ትምህርት ጋር አንድ አልነበረም። ለአዳራሽ የተዘጋጀ ረጅም ገለጻ በትንሽ ስክሪን ሲቀርብ አድማጩን ያሰለቻል፤ ጥያቄ የሚነሣበት ዕድልም ይጠባል። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2021 የኤሌክትሮኒክ ትምህርትን በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የማካተት ደንብ ወጣ። በዚህም ቅይጥ ትምህርትና ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ የሚሰጥ ትምህርት ከመደበኛው የክፍል ትምህርት ተለይተው ሕጋዊ መልክ ያዙ።

ለሠራተኛ ተማሪ ዋነኛው ጥያቄ ትምህርቱ መቼ ይሰጣል የሚለው ነው። የቀጥታ ትምህርት መምህሩና ተማሪዎቹ በተመሳሳይ ሰዓት የሚገናኙበት ሲሆን፣ ጥያቄ ወዲያው ለማንሣት ያመቻል። በራስ ጊዜ የሚከናወነው ደግሞ በተቀረጸ ቪዲዮ፣ በንባብና በጽሑፍ ውይይት ላይ ይመሠረታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይፈቅዳል። ስለዚህ በየሥራ ቀኑ በተወሰነ ሰዓት መገኘትን የሚጠይቅ ፕሮግራም ለቤት ሠራተኛ አይመችም፤ ሳምንታዊ የማስረከቢያ ቀን ያለውና ተማሪው ሰዓቱን ራሱ የሚመድብበት ግን ሊሳካ ይችላል።

በሚገባ የተዘጋጀ የበይነ መረብ ትምህርት የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ገለጻው በአጫጭር ክፍሎች ይከፋፈላል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ተማሪው መረዳቱን የሚፈትሽበት ጥያቄ ይቀርባል፤ ለተሠራው ሥራ መምህሩ አስተያየት ይሰጣል። ቪዲዮ ብዙ ዳታ ስለሚወስድ፣ ትምህርቱ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ጭምር መዘጋጀቱ ለባለ ስልክ ተማሪ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የማጠቃለያ ፈተና የት እንደሚሰጥም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ትምህርቱ በበይነ መረብ ቢሆንም ለፈተና በአካል መገኘትን የሚጠይቁ ተቋማት አሉና።

ከገንዘብ በፊት አቅምን ለመለካት ነጻ ኮርሶች ጥሩ መነሻ ናቸው። በንግሥት ራኒያ ፋውንዴሽን የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2014 ኮርሶቹን መስጠት የጀመረው ኢድራክ መቀመጫው አማን ሲሆን፣ በዐረብኛ ነጻ ትምህርት ያቀርባል። ስሙ ራሱ ‹‹ማስተዋል›› ማለት ነው። እዚህ ላይ ቋንቋን በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሥራ ቦታ በጆሮ የተለመደው የአማን መነጋገሪያ ዐረብኛና በመጻሕፍትና በትምህርት የሚሠራበት ፉስሓ ሰፊ ልዩነት አላቸው። ከአሠሪዎቹ ጋር ያለ ችግር የሚግባባ ሰው የመጀመሪያውን የጽሑፍ ፈተና ሲያይ ሊደናገጥ ይችላል። ስለዚህ ፊደሉንና የጽሑፍ ዐረብኛን አስቀድሞ ማጥናት ይመከራል። ዐረብኛ ለሚከብዳቸው ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በእንግሊዝኛ የቴክኖሎጂ ኮርሶችን በነጻ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ኮርሶች የምስክር ወረቀት ዲግሪ አይደለም። አንድ ሰው ኮርሱን መጨረሱን ይመሰክራል፤ በራሱ ግን የዩኒቨርሲቲ መግቢያን አይተካም። ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓይነት ዕውቅና መጣራት አለበት። የመጀመሪያው ተቋሙ ራሱ በተመዘገበበት አገር ያለው ዕውቅና ነው። ሁለተኛው ያን ዲግሪ ተማሪው ሊሠራበት ያሰበው አገር የሚቀበለው መሆኑ ነው። በዮርዳኖስ የውጭ ዲግሪን አቻነት የሚመረምረው የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ሊቀጠር ያሰበ ሰው ጥያቄውን ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ያለበት ከምረቃ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ፈተናና ንባብ ሳይኖር በጥቂት ሳምንታት ዲግሪ እንሰጣለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ደግሞ በሩቁ መሸሽ አለባቸው። ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› የሚለው የአበው ብሂል በበይነ መረብ ዘመንም አልተሻረም።

ለመመዝገብ የወሰነ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው በእጁ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ጠቅላላ ክፍያውን የፈተናና የምዝገባ ወጪን ጨምሮ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ካቋረጠ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ማወቅ እና ከአሠሪው ጋር ስለ ጥናት ሰዓቱ አስቀድሞ መነጋገር ይጠቅመዋል። ብቻን መማር ተስፋ ሊያስቆርጥ ስለሚችል፣ ተመሳሳይ ኮርስ ከያዘ ሌላ ተማሪ ጋር በዕረፍት ቀን ተገናኝቶ ማጥናትም ይበረታታል። በዚህ መንገድ አንድ ነጻ ኮርስ በወቅቱ የጨረሰ ሠራተኛ፣ ለዲግሪ የሚጠየቀውን ትጋት ምንም ሳይከፍል ለራሱ አስመስክሯል ማለት ነው።