ኩራዝ ስለ ምን ያፈሳል?

ኩራዝ ከቆርቆሮ ወይም ከጠርሙስ የሚሠራ የላምባ መብራት ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ 3 ናቸው፤ እነርሱም ላምባው የሚቀመጥበት ሆድ፣ በክዳኑ መካከል የቆመው ቀጭን ቧንቧ፣ በቧንቧውም አልፎ ወደ ላምባው የሚወርደው የጥጥ ክር ናቸው። ዕቃው እንዲህ ቀላል በመሆኑ ባፈሰሰ ጊዜ ምክንያቱን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ወይ አርጅቷል ተብሎ ይጣላል፣ ወይ ደግሞ እያፈሰሰ ይበራል። ይህ ሁለተኛው ቤትንና ሕፃናትን የሚያቃጥል ነገር ስለ ሆነ፣ የማፍሰሱን ምክንያትና መላውን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለመግለጽ አስበናል።

ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ፣ በገጠሩም የፀሐይ መብራት ስለ ገባ ኩራዝ እየቀረ ሄዷል። ሆኖም መብራት በጠፋ ምሽት ከመደርደሪያ የሚወርደው እርሱ ነው። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በደረሰ ጊዜ ኤሌክትሪክ መቋረጡ ይታወሳል። ብዙ ጊዜ ሳይበራ የቆየ ኩራዝ ደግሞ ዝገት ስለሚበላው ከሌላው ይልቅ ለማፍሰስ የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ ክሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ላምባ ከጥጥ ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ በክሩ ቃጫዎች መካከል ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶችም እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ እሳቱ የደረሰለትን ሲያቃጥል ሌላው ከታች ይተካል። እንግዲህ ማፍሰስ ማለት ላምባው ከዚህ ከተወሰነለት መንገድ ውጭ ሌላ መንገድ ማግኘቱ ነው። መንገዶቹም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ብየዳው ነው። የቆርቆሮው ሆድ የተገጠመበት መስመር ሲሰነጠቅ ወይም ሲዝግ ላምባው ከሥር ያረጥባል።

2ኛ፤ ክዳኑ ነው። የተጣመመ ክዳን ኩራዙ ዘንበል ባለ ቁጥር ያንጠባጥባል።

3ኛ፤ ክሩ ራሱ ነው። ለቧንቧው የቀጠነ ክር በዙሪያው ክፍተት ይተዋል። ክሩ ረዝሞ ወደ ውጭ ከታጠፈና ጫፉ በሆዱ ውስጥ ካለው የላምባ ወለል በታች ከወረደ ደግሞ አንዳች ቀዳዳ ሳይኖር ሆዱን ጠብታ በጠብታ ያጎድለዋል።

4ኛ፤ አሞላሉ ነው። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው በተለይ የሚነገር ስለ ሆነ ዘርዘር እናደርገዋለን።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። የአየሩ ግፊት በኮምቦልቻ 81 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን በደሴ ወደ 75 ይወርዳል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ተከድኖ የተጫነ ኩራዝ በሆዱ የያዘው አየር ደሴ ሲደርስ 8 በመቶ ያህል መስፋት ይፈልጋል፤ የደሴ ብርድ ከዚህ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩራዝ እስከ እኩሌታው ቢሞላ፣ የሚሰፋው አየር 8 ሚሊ ሊትር ወይም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይሆናል። ኩራዙ ቆሞ ከሆነ አየሩ በክሩ ዙሪያ ሾልኮ ይወጣል። ተጋድሞ ከሆነ ግን የቧንቧው አፍ በላምባ ስለሚሸፈን በአየሩ ፈንታ ላምባው ተገፍቶ ይወጣል።

ወደ ታች ሲወረድ ነገሩ ሌላ ነው። ላምባ ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከ1000 እጅ 1 እጅ ያህል ይሰፋል። በደሴ የማለዳ ብርድ አፉ ድረስ የተሞላ ኩራዝ በኮምቦልቻ ፀሐይ 20 ዲግሪ ቢሞቅ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ይተርፈዋል፤ የተረፈውም ይፈሳል። እንግዲህ ሲወጣ የሚያፈሰው ያልሞላው፣ ሲወርድ የሚያፈሰው የሞላው መሆኑን ልብ ይሏል። መላው አንድ ነው፤ ለመንገድ ሆዱን ባዶ አድርጎ መያዝ፣ በቤትም አንድ አምስተኛውን ባዶ መተው ነው።

የሚያፈሰውን ስፍራ ለማግኘት ኩራዙን ጠርጎ በደረቅ ወረቀት ላይ ማቆም ይበቃል። ወረቀቱ ከሥር ከራሰ ጥፋቱ በብየዳው ነው፤ ከላይ ጀምሮ ጎኑን ተከትሎ ከወረደ በክዳኑ ወይም በክሩ ነው። ካልተለየ ላምባውን ገልብጦ፣ ክሩን አውጥቶ፣ የቧንቧውን አፍ በጣት ደፍኖ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ነው። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋና በቀዳዳው በኩል አረፋ ይሰዳል። ይህ ሲሠራ በአጠገቡ እሳት አይኑር።

ደረቅ ሳሙና በላምባ ስለማይሟሟ ቀዳዳው ላይ ቢታሽ ለጊዜው ይይዛል። እውነተኛው ጥገና ግን በስታኞ መበየድ ነው። ላምባ የነበረበትን ዕቃ ሳያጥቡ ትኩስ ብረት ማስነካት ግን ክልክል ነው፤ በሆዱ የቀረው እንፋሎት ሊፈነዳ ይችላል። አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ በኋላም የሚበየደው ስፍራ እስኪቀር ድረስ ውሃ መሙላት ይገባል።

ይህ ሁሉ ለኩራዝ ብቻ የሚነገር አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚባለውም ፈሳሽ የሚይዝ ሆድና በጥጥ የተሞላ ማሞቂያ ያለው በመሆኑ ከፍታ ሲወጣ በዚሁ ምክንያት ያፈሳል። ከኩራዝ የሚለየው፣ ፈሳሹ በጥጡ አልፎ እንዳይወርድ የሚይዘው ከላይ ያለው የአየር ግፊት ማነስ መሆኑ ነው። ስለዚህ የጎማ ቀለበቱ ላልቶ አየር ካስገባ ፈሳሹ ማሞቂያውን ያጥለቀልቀዋል። በአገራችን የዚህን ዕቃ ንግድ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሎታል።

በመጨረሻ ለአንባቢ የምናሳስበው ይህን ነው። የሚያፈስ ኩራዝ አይበራ፤ እየበራም ላምባ አይጨመርበት። ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ በቀዝቃዛ ቤት እንኳ ይቀጣጠላል። እሳት ከተነሣ በውሃ ሳይሆን በአፈር ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይታፈን። ላምባ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ቢጠጣው ለማስመለስ ሳይሞክሩ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።