አሮጌው ፌርዌይ ዉድዎ ይሸኝ ወይስ ይቆይ?

ጎልፍ የሚጫወቱ ከሆነ ቦርሳዎ ውስጥ አንድ ያኮረፉት ዱላ አይጠፋም። ለብዙዎች ያ ዱላ ፌርዌይ ዉድ ነው። ድራይቨር ሲመቱ ኳሷ ቲ ላይ ከፍ ብላ ስለምትጠብቅ ስህተትዎን ይሸፍንልዎታል፤ አይረን አጭር ስለሆነ ይታዘዝዎታል። ፌርዌይ ዉድ ግን 109 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ይዞ መሬት ላይ የተኛችን ኳስ አንሳ የሚባል ዱላ ነው። ሲሳካ እንደ እሱ ልብ የሚሞላ ምት የለም። ሳይሳካ ሲቀር ኳሷ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች፣ ወይም ዱላው ኳሷ ጋ ሳይደርስ ሣሩን ያርሳል። ይህ ሦስት አራት ቅዳሜ ሲደጋገም «ዱላው አርጅቷል» የሚለው ሐሳብ ይመጣል።

እውነት አርጅቶ ይሆን? ጥያቄው የቤት ጥያቄም ነው። አዲስ ፌርዌይ ዉድ አሜሪካ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ዶላር ይሸጣል። ይህን በብር መንዝረው ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ጎን ሲያስቀምጡት፣ የትዳር ጓደኛዎ «ያኛው ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለዚያ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ይኑርዎት።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። «ዉድ» የተባለው የዱላው ራስ በእርግጥም ከእንጨት ይጠረብ ስለነበር ነው። ጂን ሳራዘን በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በማስተርስ ውድድር 15ኛው ሆል ላይ ከ235 ያርድ፣ ማለትም ከ215 ሜትር ገደማ፣ በ4 ዉድ መትቶ ኳሷን በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ከቷታል። ሆሉ በአምስት ምት የሚጠናቀቅ ሲሆን እሱ በሁለት ጨረሰው። በማግስቱ በመለያ ጨዋታ ያሸነፈው ሰው ስም ደግሞ፣ እንደ ቀልድ፣ ክሬግ ዉድ ነበር። ብረቱ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ጋሪ አዳምስ ቴይለርሜድን በ1979 ሲመሠርት ይዞ የተነሣው ራሱ ከብረት የተሠራ ድራይቨር ነው።

ከዚያ ወዲህ ፌርዌይ ዉድ በእርግጥ ተለውጧል። ኳስ የሚመታው ፊቱ ቀጥኗል፤ ክብደቱ ወደ ታች ወርዷል፤ ብዙዎቹ ላይ ፊቱ በደንብ እንዲለጠጥ ከሥር ስንጥቅ መሰል ክፍተት ተበጅቷል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ራሱን ፈትተው በማዞር ሎፍቱን፣ ማለትም የፊቱን ዘንበል ማለት፣ በአንድ ሁለት ዲግሪ መቀየር ይቻላል። የክፍተቱ ነገር የገነነው በ2012 ሮኬትቦልዝ የተባለው 3 ዉድ ሲወጣ ነው። ማስታወቂያው ከቀድሞው 17 ያርድ ይርቃል ይል ነበር።

እዚህ ላይ ማርኬቲንግ እንጀራዬ ስለሆነ አንድ ነገር ላሹልክልዎ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያዩ «ከየትኛው ዱላ ጋር ተነጻጽሮ? ማን መትቶት?» ብለው ይጠይቁ። «እስከ» የምትለው ትንሽ ቃል ካለችበትማ፣ የሚነገርዎ ከሁሉ የተሻለው ምት ነው። አንዳንዴም ተጨማሪው ርቀት የሚገኘው ሻፍቱን በማስረዘም ወይም ሎፍቱን በመቀነስ ነው፤ ሁለቱም ለእኔና ለእርስዎ ዱላውን ያከብዱታል። ደግሞም የፊቱ የመለጠጥ ኃይል በሕግ የታጠረ ነው። የጎልፍ ሕግ አውጪዎች ገደብ ካበጁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ በየዓመቱ «ከአምናው ይርቃል» የሚባለው የሚሄድበት ብዙ ቦታ የለውም። የዛሬዎቹ ዱላዎች ብልጫ ጎልቶ የሚታየው ከመሃል ስተው ሲመቱ ነው። ያኔ ኳሷ ከአሮጌው ዱላ ይልቅ ብዙም ሳታጥር፣ ብዙም ሳትጣመም ትሄዳለች።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ዱላዎ ከ2010 በፊት የተሠራ ከሆነ ለውጡን እጅዎ ላይ ያውቁታል፤ ገንዘቡ ያስቆጫል አልልም። አምስት ስድስት ዓመት ብቻ ያስቆጠረ ከሆነ ግን አዲሱ ሞዴል የቀለም ልዩነት ሊመስልዎ ይችላል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ይለያል። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብም ይጫወቱ፣ ተጋብዘው በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ባለ 9 ሆል ሜዳ ላይ፣ የቆሙት ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ የተመታች ኳስ ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ አንድ አሥረኛ ያህል ርቃ ትሄዳለች። ይህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያው ስስ አየር ኳሷን ወደ ላይ የሚደግፋት ኃይልም ያንሰዋል። ኳሷ ዝቅ ብላ ትበርና ግሪን ላይ ስታርፍ አልቆም ትላለች። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ተጫዋች የጎደለው ርቀት አይደለም፤ ከፍታ ነው። ለዚህ ነው አሮጌውን 3 ዉድ በአዲስ 3 ዉድ ከመተካት በፊት ቆም ይበሉ የምለው። 3 ዉድ 15 ዲግሪ ገደማ ሎፍት አለው፤ 5 ዉድ 18 ወይም 19፣ 7 ዉድ ደግሞ 21 አካባቢ። ሎፍቱ ሲጨምር ሻፍቱም በመጠኑ ያጥራል፤ ኳሷን ማንሣት ይቀላል። «7 ዉድ የጡረተኛ ዱላ ነው» የሚል ወዳጅ አይጠፋዎትም። ደስቲን ጆንሰን በ2020 ማስተርስን በ20 ከፓር በታች ሲያሸንፍ ቦርሳው ውስጥ 7 ዉድ እንደነበረ ይንገሩት። ይኸው ሰው ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ባለው በሜክሲኮ ሲቲው ቻፑልቴፔክ ሜዳም በ2017 እና በ2019 አሸንፏል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አሮጌውን ይመርምሩት። ግሪፑን ይዳብሱት፤ ደርቆ የሚያንሸራትት ከሆነ አጥብቀው ይይዙታል፣ እጅዎ ሲጠብቅ ምቱም ይበላሻል። አዲስ ግሪፕ የአዲስ ዱላን ዋጋ ጥቂት ክፍል ብቻ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም «ያረጀውን» ዱላ ያድነዋል። ዱላውን ጆሮዎ አጠገብ ያወዛውዙ፤ ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ሙጫ ተላቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚጠገን ነው። ሲመቱበት ድምፁ ድንገት ከደፈነ ግን ፊቱ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ያኔ በሰላም ያሰናብቱት።

ከዚያ በነጭ ሰሌዳ ማርከር የዱላውን ፊት ቀባ አድርገው አሥር ኳስ ይምቱ። ኳሷ የነካችበት ቦታ ቀለሙ ይለቃል። ምልክቶቹ ተጠጋግተው ካገኟቸው ችሎታው አለዎት፤ የተሻለ ዱላ የተሻለ ውጤት ይሰጥዎታል። ፊቱ ላይ እንደ ፈንዲሻ ከተበተኑ ደግሞ ያን ገንዘብ ለአሠልጣኝ መክፈሉ ይሻላል። የሚሞክሩት አዲስ ዱላ ካገኙም በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ኳስ፣ ሁለቱን እያፈራረቁ ይምቱ። ማየት ያለብዎ ምርጧን ምት አይደለም፤ ከአሥሩ ሦስቱ መጥፎዎቹ የት እንደወደቁ ነው። አዲሱ ዱላ ልብ የሚሰርቀው በአንድ ምት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይን አያይም።

ሻፍቱም ከራሱ እኩል ይመዝናል። ዱላውን ፈጠን አድርገው የማይወረውሩ ከሆነ ለስላሳው «ሬጉላር» ወይም «ሲኒየር» የሚባለው ኳሷን ለማንሣት ያግዝዎታል። «ስቲፍ» የሚለውን ለኩራት ብሎ መግዛት ጠባብ ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ መንገድ ላይ ያስነክሳል።

ግዢውን በተመለከተ፣ ከሁለት ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ሞዴል በደህና ይዞታ ያገለገለ ሆኖ ሲገኝ ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ግዢ ይህ ነው። ዋጋው ከማመን በላይ ከረከሰ ግን ይጠርጥሩ፤ የታወቁ የጎልፍ ዱላዎች በብዛት በሐሰት ይሠራሉ። ሻፍቱ ራሱ ውስጥ በሚገባበት አንገት ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር ይፈልጉ፤ የጽሑፉን ጥራትም ከአምራቹ ፎቶ ጋር ያስተያዩ።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ደግሞ «በሻንጣህ ጣል አድርግልኝ» ከማለትዎ በፊት ቁመቱን ያስቡ። ራሱ የሚፈታ ዱላ እንኳ ሻፍቱ ብቻውን ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ተራ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ ለብቻው መጫን ይኖርበታል፤ አየር መንገዱ የሚያስከፍለውንና ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀውን እርስዎ እንደሚችሉ አስቀድመው ይንገሩት። አክስትዎ ያንን ቱቦ ይዘው ሁለት አየር ማረፊያ እንዲያቋርጡ ማድረግ ግን ነውር ነው።

አዲሱ ገብቶ አሮጌው ከወጣ፣ ቆርጬ ለልጄ አሳጥረዋለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣብዎ ይሆናል። ከመቁረጥዎ በፊት ያስቡበት። የአዋቂ ሻፍት ሲያጥር ይደድራል፣ ራሱም ለልጅ ክንድ ይከብዳል፤ ልጁ የሚማረው ዱላውን መታገል ይሆናል። ለልጅ የሚሻለው በቁመቱ ልክ የተሠራ ቀላል ዱላ ነው፤ ልጁ ቶሎ ስለሚያድግ እሱንም ያገለገለ ይግዙለት። አሮጌው 3 ዉድ ለቦርሳ ተሸካሚዎ ካዲ ይድረሰው። ብዙዎቹ ካዲዎች የሚለማመዱት ባገኙት ዱላ ስለሆነ፣ እርስዎ ለዓመታት ያኮረፉት ዱላ በእሱ እጅ ቀጥ ብሎ ሲመታ ቢያዩ እንዳይገርምዎ።